የወፍጮ ቤቱ ተዋናይ

በአዳራሹ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የባህል ቢሮው ኃላፊ ከጠረጴዛው ኋላ፣ የቴአትሩን ድርሰት የጻፈው ወጣት አዘጋጅ ከመስኮቱ ሥር፣ የሬዲዮው ሰው ከቴፑ አጠገብ፣ አልባሳት ያዥዋ ከበሩ ጋ፣ እኔ መሃል። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበርና አሶሳ በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ማኅተም ታይ ነበር። የመጀመሪያው ቴአትር በሬዲዮም ይተላለፋል ተብሎ የአንዲት አሮጊት ሚና ለእኔ ተሰጠ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ይህንን ነው። ምኞቱን ያሳደረብኝ አንድ ጣሊያን ነበር።

ልጅ እያለሁ በከተማችን በአሶሳ የነበረው የናፍጣ ወፍጮ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ያልተመለሰ ጣሊያን ነበር፤ እንደ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ እንለዋለን። በወጣትነቱ በአገሩ ተዋናይ ነበር። መድረክ ላይ አሽከር ወይም ሐኪም ሆኖ ይገባል፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል። በሬዲዮ ገና በሃያ አምስት ዓመቱ የሽማግሌዎችን ድምፅ ይሠራ ነበር። ፊልምም ሠርቷል፤ በአንዱ አስከሬን፣ በሌላው የባቡር ትኬት ቆራጭ። ዋና ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ይህን ሲናገርም አያፍርም።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ትኩስ ዱቄትና ናፍጣ በሚሸተው በረንዳ ላይ ትወና ያስተምረናል። አንድ ሕግ ነበረው። የምናስመስለው ሰው ራሱ ተጠርቶ ካላየና «አዎ፣ እኔ ነኝ» ካላለ ሥራው አያልፍም።

አንድ ቀን ሐዋ የምትባል የመንጌ ወረዳ ተወላጅ ማሽላ ልታስፈጭ መጣች። የበርታ ሴቶች እንደሚያደርጉት ዘንግ በትከሻዋ አጋድማ፣ እህሏን በሁለቱ ጫፍ አንጠልጥላ ነበር። እኔ የመጥረጊያ እንጨት ተሸክሜ እየተንገዳገድኩ፣ አማርኛዋን እየሰባበርኩ ተከተልኳት። ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ሙሴ አልሳቀም። ወፍጮውን አቆመ፤ ሐዋን ጆንያ ላይ አስቀመጣትና ፊቷ እንደገና አሠራኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ እንዲህ አይሄድም» አለች። «እንዲህ ከሄደ እህሉ ይደፋል።»

ተነሥታ የራሷን ዘንግ ትከሻዬ ላይ አደረገች። አንገቴን በእጇ አቀናች። ስሄድ፣ ስትመልሰኝ፣ ስሄድ፣ ስትመልሰኝ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ወረፋ ጠባቂው አጉረመረመ፤ ሙሴ ሞተሩን አላስነሣም። በመጨረሻ ሐዋ ማንም ሳይጠይቃት «አሁን እኔ ነው» አለች።

በአዳራሹ የተሰጠችኝ አሮጊትም የበርታ ሴት ነበረች፤ ሥራዋ አማርኛ መሰባበርና መውደቅ ብቻ። ከበርታ ሴቶች አንዷ ተጠርታ አይታው እንደሆነ አዘጋጁን ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ሕዝቡ የሚፈልገው መሳቅ ነው» አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እንግዲያው አንዷን ጥራና ፊቷ ልሥራው።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ጊዜ እንደሌለ፣ እኔ ካልሆንኩ ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ተናገረ። አማርኛው የራሱም ስብርብር የነበረ የሩቅ አገር ሰው ለአንዲት ሴት ግማሽ ቀን ወፍጮውን አቁሞ ነበር። የእኛ ቢሮ ግን ለበርታ ሴት በገዛ አገሯ ሩብ ሰዓት አጣ።

«ፈልጉ» አልኩ።

የአሮጊቷን ሻሽ ከራሴ ፈትቼ ለአልባሳት ያዥዋ ሰጠኋትና ወጣሁ።