ከሁለት ወገን የተደበደበችው ተቆጣጣሪ

ሰፈራችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አፍንጫ» ነው የምንላት። የጤና ተቆጣጣሪ ናት። ሥጋ ቤት ትገባና ሳትነካው «ይሄ ሰንብቷል» ትላለች፤ የጉድጓድ ውሃ አሽትታ ትደፋለች። አንዱ ባለ ሥጋ ቤት ሱቁን ብታሽግበት በበሬ ቅልጥም ወርውሮ የፊት ጥርሷን አወለቀው። እሷ ደሟን እንትፍ አለችና «ቅልጥሙም ሸቷል» አለችው። ስሙ የጸናባት ያኔ ነው።

እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ጢም ካወጣ በኋላም «እታለም» እያለ ነው የሚጠራት። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ቆየና ባትሪ ማቅለጫው ውስጥ ተቀጠረ።

ማቅለጫው ከቤቶቻችን ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። አሮጌ የመኪና ባትሪ በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ከውስጡ የሚወጣው እርሳስ ምድጃ ላይ ይቀልጣል። ጭሱ ጣሪያችንን አመድ አለበሰው። ልጆቻችን ሆዳቸውን እየቆረጣቸው የበሉትን ያስመልሱ ጀመር፤ ትናንት ያወቁትን ፊደል ዛሬ ይረሱታል። እኛ ወስፋት ነው ብለን መድኃኒት ስንግት ከረምን። ደማቸውን አስመርምራ እርሳስ እየመረዛቸው መሆኑን የነገረችን አፍንጫ ናት።

ወንድሟን ከዚያ ቤት እንዲወጣ ለመነችው።

«እታለም» አላት፣ «ጭሱ ይገድላል ትያለሽ፤ ረሃቡስ ይምረኛል?»

ለምና ስላልሆነላት ግቢውን አሸገችው። በማግስቱ ጭሱ እንደ ልማዱ ሲትጎለጎል አየች። ፖሊሶች ዘንድ ሄዳ አብራችሁኝ ኑ ብትላቸው «ቅደሚ፣ እንከተልሻለን» አሏት። ቀደመች፤ አልተከተሏትም።

«ጌታው፣ ማሸጊያውን ማን ነው የቀደደው?» አለችው ባለ ማቅለጫውን።

«ነፋስ።» ሠራተኞቹ ሳቁ።

«እንግዲያው ነፋሱን ይጥሩልኝ፤ የማሳስረው እሱን ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫሽን ላሺ!»

እሳቱን ልታጠፋ ወደ ምድጃው አመራች። የግቢው ዘበኛ በብረት ዘንግ ትከሻዋ ላይ አሳረፈባት። ጭንቅላቷን ልትከልል ክንዷን ብታነሳ ክንዷን ደገማት፤ አጥንቱ ሲሰበር ቀጭ ያለው ድምፅ መንገድ ላይ ድረስ ተሰማ። ስትወድቅ ጎኗን በጫማው ረገጠው። መሬት ላይ እንደተዘረረች ቀና ብትል፣ ወንድሟ የማቅለጫውን ጭልፋ እንደያዘ ቆሞ አየችው። እሱም አያት። አያትና ፊቱን አዞረ።

«ከስብራቱ ይልቅ ያ ፊት ማዞሩ አንገበገበኝ» ትላለች እስከ ዛሬ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ ከስፌት መኪናው ሥር እየተጫወተች ሳለ አንዘፈዘፋት። ጭንቅላቷ ከመኪናው እግር ጋር ይላተም ጀመር፤ ምላሷን ነክሳ አፏ ደም ሞላ። እናቷ እጇን ጥርሷ መሃል ብትከት ጣቷን ዘነጠለችው። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ክንዷ ላይ ሞተችባት።

ከቀብር ሲመለሱ ቤቱ የገባ ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ መጥረቢያ፣ ዘነዘና፣ ድንጋይ ያገኙትን ይዘው ወደ ማቅለጫው ጎረፉ። ወንዶቹ ከኋላ ተከተሉ። በሩ ላይ የጠበቃቸው ግን ዘበኛው አይደለም። አፍንጫ ናት፤ በጄሶ የታሰረ ክንዷን ከአንገቷ አንጠልጥላ።

«ተመለሱ! ምድጃውን ብታፈርሱት ያ ሁሉ መርዘኛ ዱቄት ነው የሚቦነው! የተረፉትን ልጆች ትጨርሷቸዋላችሁ!»

«ልጄን ለበላ ቤት ዘብ ቆምሽ?» ጮኸች ልብስ ሰፊዋ። «የወንድምሽ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ነው አይደል!»

የወረወረችው ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። አፍንጫ ተንበረከከች፤ ደሙ ዓይኗን ሸፈነው። ተነስታ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አንዷ ጄሶዋን በዱላ ብትላት የለቀቀችው ጩኸት ሁላችንንም ቀጥ አደረገን።

«በሉ፣ እኔን ሰባብሩኝ!» አለች እያቃሰተች። «እኔ ስሰበር ዱቄት አልቦንም!»

ያን ጊዜ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ባለ ማቅለጫው በባልዲ አሲድ ይዞ ብቅ አለ። «የቀረበች ፊቷን ትሰናበት!» ብሎ ባልዲውን ሲያነሳ ወንድሟ ከኋላ ዘሎ ክንዶቹን ጠመዘዘው። ሲታገሉ ባልዲው ተገለበጠና አሲዱ የወንድምየው ፊትና ደረት ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ ያለ ኡኡታ ሰምቼ አላውቅም። ባለ ማቅለጫው ሊያመልጥ ሲሮጥ ወንዶቹ እጅ ገባ፤ መንጋጋው እስኪዞር ቀጠቀጡት። አልመጣ ያሉት ፖሊሶች እሱን ለማስጣል ደረሱ።

«ውሃ!» አፍንጫ ትጮኻለች። «ብዙ ውሃ! አትጥረጉት፣ አፍስሱበት!»

ሁሉም ደንዝዞ ቆሞ ሳለ መጥረቢያዋን ጥላ የሮጠችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ጀሪካን ጎትታ መጥታ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ታፈስበት ጀመር። የተዘነጠለ ጣቷ እየደማ ታፈሳለች፣ እያፈሰሰች ትረግመዋለች፦ «የኔ ልጅ ሞታ አንተ ትኖራለህ! ክፈት ዓይንህን! ክፈት እንጂ፣ የተረገምክ!» ያኔ ሌሎቹም መሣሪያቸውን ጥለው ውሃ ያመላልሱ ጀመር። ምድጃውን የነካው የለም።

የወንድሟ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ አንዱ ተረፈ። ምድጃውን በኋላ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ዱቄቱን በውሃ እያራሱ ፈታቱት፤ የግቢውንና የቦዩን አፈር ቆፍረው በተሸፈነ መኪና አጋዙት። ባለ ማቅለጫውና ዘበኛው ተፈረደባቸው። ወንድምየው አሁን ከእህቱ ጋር ይኖራል። አንዳንዴ «እታለም፣ ያን ቀን…» ብሎ ይጀምራል። እሷ «ቅባትህን ተቀባ» ብላ ታቋርጠዋለች።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ወንድ ልጅ ቀርቷታል። ደሙን ለማስመርመር ጤና ጣቢያ ታመላልሰዋለች። ስለ ድንጋዩ ይቅርታ ብላ አታውቅም፤ አፍንጫም አንስታባት አታውቅም። ባለፈው ወረፋዋ ደርሶ አፍንጫ ውጤት ወደምትነግርበት ክፍል ገባች።

«እርሳሱ ወረደ?» አለች ሳትቀመጥ።

«ወርዷል።»

እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተንሰቀሰቀች። አፍንጫ ከወንበሯ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጠሞ የቀረውን ክንዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። በር ላይ የተሰለፍነው ሁሉ ጠበቅናቸው።