ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ መግባት

አባቴ ሰው ሲገባ ሳይነሱ ቀርተው አያውቁም። "ኖር!" ብሎ ከመቀመጫ መነሳት በእኛ በመንዝ ወግ ነው፤ እሳቸው ግን ወጉን ከልክ አሳልፈውት ነበር። ለቄስ ይነሳሉ፣ እሳት ልትጭር ለመጣች የጎረቤት ልጅ ይነሳሉ። ዶሮ በበሩ ብትገባ እንኳ ሳይነሱላት የሚቀሩ አይመስለኝም።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድ ጠዋት የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ለስብሰባ ሊጠራን መጣ። ልጅ እያለ እኔው አዝዬ ያሳደግሁት ጎረምሳ ነው። አባቴ ከበርጩማቸው ብድግ ሲሉ ራሳቸውን አዞራቸው፤ የበርኖሳቸውን ጫፍ ረግጠው ምድጃው ጠርዝ ላይ ወደቁ።

ወጌሻው ዳሌያቸውን ሲያሽ ቆየና "አጥንቱስ ተርፏል። ሁለተኛ ከወደቁ ግን ከዚህ መደብ አይነሱም" አለን።

እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ አላስችል አለኝ። "አባባ፣ ለዚያ ሹም ብለው ነው ወገብዎን የሚሰብሩት?"

"ለሹመቱ መሰለሽ? ለሰው ነው እንጂ። ሰው ቤቴ ገብቶ ተጎልቼ ልየው?"

በርጩማውን አነሳሁና ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው። የበርኖሱን ጫፍ አጥፌ ሰፋሁት፣ ምርኩዛቸውንም ከጎናቸው አደረግሁ። ምን ዋጋ አለው! ሰው ሲያዩ ምርኩዙንም ረስተው ነው የሚነሱት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልይዛቸው እሮጥ ነበር።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ጎረቤቱን ሁሉ እየያዘች "ስትገቡ ደፉ ላይ ቁጭ በሉልኝ፤ እሳቸው ለተቀመጠ ሰው አይነሱም" ብላ ለመነች። ደፍ ላይ መቀመጥ ነውር ነው እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ልመና አልነበረም። ግን እሺ አሉ። በዚያ ውርጭ፣ በረዶ በመሰለው ድንጋይ ላይ መጀመሪያ ዘፍ ይላሉ፣ ከዚያ "እንዴት አደሩ?" ይላሉ፣ ቀስ ብለው ጎንበስ እንዳሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሊቀመንበሩም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ማንም ሰው ይቀመጥ ነበር። ስለ ዘመኑ ብዙ ክፉ ነገር አስታውሳለሁ፤ ያንን ደፍ ግን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ።

"የዚህ አገር ሰው ምን ነካው? ሁሉም ደጄ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል" ይሉ ነበር አባቴ። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ይህን ሲሉ ፈገግ ይሉ ነበርና።

ሁለተኛ አልወደቁም። እስከ መጨረሻው በምርኩዛቸው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ኖረው፣ አንድ ክረምት ሳል ጠንቶባቸው አረፉ።

ለለቅሶ ቀድሞ የደረሰው ሊቀመንበሩ ነበር። ደፉ ጋ ሲደርስ ልማድ ሆኖበት ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። ባዶውን መደብ ሲያይ ግን ቀስ ብሎ ቀና አለና ቆሞ ገባ። እስከዚያች ሰዓት ዕንባ እምቢ ብሎኝ ነበር።