በማበጠሪያ የተጠራው ዓሳ

«ያሳደግኋቸውን ሁሉ አስበላህብኝ! አስበላህብኝ እኮ ነው የምልህ!»

ባለኩሬዋ ናት። ፀጉር ቤቱ መሃል ገብታ ባልዲዋን ወንበሩ ሥር ዷ አደረገችው። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፂሙ በሳሙና የተለቀለቀ ሰውዬ ነበር፤ ባልዲው ውስጥ አየና እግሩን ሰበሰበ። አንዲት ትልቅ እናት ዓሳ፣ ጭራዋ ተገምጦ፣ ጎኗ ላይ ተኝታለች።

ፀጉር አስተካካዩ የታናሽ እህቷ ባል ነው። ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ። መቀሱን አየር ላይ ቅጭ ቅጭ እያደረገ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ፣ «እትዬ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ደንበኛ አለ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዓሳ ዓሳን ቢበላ እኔ ዳኛው አይደለሁም» አላት።

«በሦስተኛ ደረጃስ?» አለች፣ ያንኑ ድምፅ ቁርጥ አድርጋ አስመስላ።

ደንበኛው ሲስቅ አረፋው አፉ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ተራ የሚጠብቅ ሰው እንዳይሰለቸው ብሎ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጠብጣብ ዓሳ ገዝቶ መስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ። መስታወቱን በማበጠሪያው ኳ ኳ ኳ ሲያደርገው ዓሳው ሽቅብ ይወጣል፣ ቁራጭ ሥጋ ይጣልለታል፣ ሰው ያጨበጭባል። ኋላ ዓሳው አድጎ አድጎ መዞሪያ አጣ። ለመግደል አንጀቱ አልቆርጥ አለው። እናም ከቤቱ ጀርባ ባለው ቦይ ለቀቀው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው፤ ቦዩ የሚፈሰው ቀጥ ብሎ እሷ ኩሬ ውስጥ ነዋ!

ኩሬው ደግሞ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የሰው ልብስ አጥባለች። አንድ ቀን፣ «እጄ ከውሃ ላይወጣ ነገር፣ ውሃው እንኳ የራሴ ይሁን» አለችና አካፋ አነሳች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የዓሳ ጫጩት ታረባለች፣ ጫጩቶቹን ለሌሎች ባለኩሬዎች ትሰጣለች፤ እናቶቹን ግን ለማንም አትሰጥም። እያንዳንዷን በጠባሳዋ ነው የምታውቃት። ጠዋት የመኖውን ጣሳ በማንኪያ ሦስቴ ስትመታ ኩሬው ይፈላ ነበር። ሰሞኑን ትመታለች፣ ዝም። ዛሬ አንዷ እናት ብቅ አለች፤ ብቅ ከማለቷ ከሥር አንድ ባለነጠብጣብ ሰፊ አፍ መጣባት።

«አንተ በኳ ኳ አስለምደኸው፣ እኔ በየጠዋቱ ለማዕድ ስጠራው ከረምኩ!»

«ሕልም አይተሽ ነው እትዬ። የኔ ምስኪን ያኔውኑ ሞቷል።»

«ምስኪን? አፉ የሰው ክንድ የሚያስገባ ምስኪን! ና፣ ማበጠሪያህን ይዘህ ና! ወንድ ከሆንክ!»

«ሂድ እንጂ» አለ ደንበኛው፣ ነገር ጥሞት። «እኔ በግማሽ ፂም እጠብቃለሁ።»

ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ ኩሬው ዳር ተቀምጦ ጣሳውን በማበጠሪያው ኳ ኳ ኳ አደረገው። ምንም። እንደገና መታ። ምንም። «አላልኩሽም?» ሊል ፊቱን ሲያዞር፣ ውሃው ተሰነጠቀና ቀጥታ ወደ እግሩ መጣ። የክንድ ርዝማኔ ያለው ነጠብጣብ ዓሳ፣ አፉን ከፍቶ።

«ወይኔ፣ የኔ ጌታ...» አለ፣ ሳያስበው አምልጦት።

ባለኩሬዋ ጌታውን አላስጨረሰችውም። ባለዘንጉን መረብ ከሥሩ አግብታ ጎትታ አወጣችው፤ በአካፋው ጀርባም አናቱን አለችው። ሰውዬው ፊቱን አዞረ።

«እሺ፣ ጥፋቴ ነው። አንድ ነበር፣ አንድ ተያዘ። ተገላገልሽ።»

«አንድ ብቻ ነበር?»

«አዎ። ማለቴ... ሁለት ነበሩ። አንዷ ሞታብኝ እህትሽ ቦዩ ውስጥ ጣለቻት።»

«በምን ይዛ?»

«በባልዲ።»

«ውሃ ነበረበት?»

ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። ያ የዜና አንባቢ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«ለሬሳ ውሃ የሚቀዳለት አንተ ቤት ብቻ ነው!» አለች። እህቷን ታውቃታለች፤ ለጉንዳን መንገድ የምትለቅ ሴት።

ቀጥሎ ያለውንም ታውቃለች። ጥንድ ከገቡ ወልደዋል። ከወለዱ ኩሬው እስከ ጭቃው ተጠርጎ መድረቅ አለበት። እናቶቹን የምታሳርፍበት ሌላ ጠብታ ውሃ የላትም። የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት፣ በአንድ ሳምንት ገደል ሊገባ።

«ሞታለች እላለሁ!» ጮኸ ሰውዬው። «እንወራረድ! መረብ እንዘርጋ። እስከ ቅዳሜ አንዲት ነጠብጣብ ከገባች፣ ሱቄን ዘግቼ ጭቃሽን በእጄ እዝቃለሁ። ካልገባች ግን ደንበኞቼ ፊት ቆመሽ፣ ‹በማይረባ አፌ ስምህን አጠፋሁ› ትያለሽ።»

«ይሁን!» ብላ መዳፉን በመዳፏ አጮለችው።

ካጮለችው በኋላ ነው የገባት። ካሸነፈች እናቶቿ አለቁ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሰው መሸነፍ ተመኘች፤ ቢቆራርጧት ግን አትነግረውም። ደንበኞቹ ፊት ቆማ ያንን ቃል ስትል ታያት፤ ምራቋ መረራት፣ ግን ዋጠችው።

መረቡን ወዲያና ወዲህ ማዶ ሆነው ዘረጉት።

«አላላው፣ ትበጥሰዋለህ!»

«አንቺ ነሽ ያላላሽው፣ እንድታመልጥልሽ!»

«ለኔ ብታመልጥ ምን ይበጀኛል፣ ደንቆሮ!»

«ፈራሽ እንዴ፣ እትዬ?»

«እሰር ብዬሃለሁ፣ እሰር!»