እናንተ ሂዱ፣ እኔ ደርሻለሁ

ሰው ስለ አጎቴ ማሲንቆ አጨዋወት ብዙ ይናገራል። እኔ የማስታውሰው ግን ምስር ሲሸጡ ነው። ከተውኔት ቡድን ጋር ሃያ ዓመት አገር ለአገር ዞረው፣ በጃንሆይ ጊዜ እህል በረንዳ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ የጎንደሩ አውቶቡስ ጥሩምባ ሲሰማ፣ ከዱካቸው ሳይነሱ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ደርሻለሁ» ይሉ ነበር። ጎረቤት ነጋዴዎች በየቀኑ ይስቁላቸዋል።

ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት የቡድኑ አለቃ ሊወስዳቸው ወደ ሱቁ የመጣ ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ጎንደር ሕዝቡ የሚጠይቀን እርስዎን ነው። ለአንድ ወር ብቻ» አላቸው።

 ባለቤታቸው እትዬ አጎቴ የሚሄዱ መሰላቸው። ሳይታዘዙ ከጓዳ ሻንጣውን አምጥተው ልብስ ማጣጠፍ ጀመሩ። ሃያ ዓመት ያጣጠፉት እሳቸው ናቸው። አጎቴ ግን ሻንጣውን ተቀበሏቸው፣ ልብሱን አውጥተው መለሱላቸው፣ ከጆንያው ምስር እየዛቁ ሞሉት። ከዚያ ለሰውዬው ያን ቃል ተናገሩ።

«ክዳኑን ግን አይዝጉት፤ የተዘጋ ሻንጣ መንገድ ያስባል» አሉ እትዬ።

አልተዘጋም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ምስር የሸጡት ከዚያ ሻንጣ ነው።

ከአርባቸው በኋላ ሱቁን ከፈትን። ዱካው ባዶውን ተቀምጧል። የጎንደሩ አውቶቡስ ጮኸ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ዱካው ዞረ። እትዬ ከሻንጣው ምስር እየሰፈሩ፣ ቀና ሳይሉ፣

«እናንተ ሂዱ፣ እሳቸው ደርሰዋል» አሉ።