በረዶው ያልተነሳለት ጥግ

ጓሮውን የያዝኩት ከሱቅ ለመሸሽ ስል ነው። ጆሃንስበርግ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር ወንድሜ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር ወዳለው ሱቁ ወሰደኝ። ሱቁ የቆርቆሮ ነው፤ ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይቆምና ዳቦውንም፣ ሳሙናውንም፣ የስልክ ካርዱንም በትንሽ መስኮት ያወጣል። እዚያ የቆየሁት ስድስት ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው ዳቦ ስሰጠው የእጄን አንጓ በመስኮቷ በኩል ይዞ ስሜን ጠየቀኝ። አልዘረፈኝም፣ አልሰደበኝም። ስሜን ብቻ ነበር የጠየቀው። እኔ ግን ስሜ ጠፋኝ። ከኋላው የተሰለፉት መሳቅ ጀመሩ፤ እሱም ሳቀና ለቀቀኝ። ለወንድሜ ምንም አልነገርኩትም። በማግስቱ ግን ታክሲ ውስጥ አልገባም ብዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

የምንኖረው ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ድሮ የአንድ ቤተሰብ የነበረው አሁን በክፍል በክፍል ይከራያል። ወንድሜ፣ ሚስቱና እኔ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ይዘናል። ከጎናችን፣ መስኮቷ ወደ ጓሮው በሚያይ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ሁሉም ሰው ጎጎ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ቤቱ የአንድ ቤተሰብ በነበረበት ዘመን የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ እንደገና ተሸጠ፤ እሳቸውን ግን ከክፍላቸው ያወጣቸው የለም። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው ወደ ጓሮው ይመለከታሉ። ምን ያህል እንደሚታያቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጓሮው ረጅምና ጠባብ ነው። ስንገባ የተሰባበረ ጡብና የበሰበሰ ፍራሽ ሞልቶበት ነበር። ያንን ሁሉ አውጥቼ፣ እናቴ በጨርቅ ቋጥራ የላከችልኝን የአበሻ ጎመን ዘር ዘራሁበት። የእኛ አገር አፈር ቀይ ነው፤ የዚህም ቀይ ነው። ዘሩ አገር የለወጠ አልመሰለውም። በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጆንያ ሙሉ ጎመን ጄፒ፣ የሐበሾች ሰፈር፣ ላሉት ክትፎ ቤቶች እንልክ ጀመር። ወንድሜ በመኪና ያደርሳል፤ እኔ አብሬው ብሄድም ከመኪናው አልወርድም።

የጓሮው መጨረሻ፣ የጎረቤት ጣሪያ ወደ እኛ ግንብ ያዘነበለበት ጥግ፣ ከመጀመሪያውም አይመቸኝም ነበር። ምክንያት የለኝም። አፈሩ ውኃ ሳላጠጣውም እርጥብ ነው፤ ጎመኑም ከሌላው ይበልጥ እዚያ ይወፍራል። አርባ ያህል እግር ጎመን አለ። እዚያ ስሠራ ግን ጀርባዬን ለግንቡ መስጠት እፈራለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ጨርሼ እወጣለሁ።

በረዶው በጣለበት ዓመት የወንድሜ የሱቅ ሸሪክ ኬፕታውን ሄደና ወንድሜ ብቻውን ቀረ። አንድ ቀን ራት ላይ ጠርቶኝ፣ ጎመኑ በየቅዳሜው አንድ ጆንያ እስከሞላ ድረስ ጓሮዬ ውስጥ እንድቆይ፣ ያልሞላ ቅዳሜ ግን በቀጣዩ ሰኞ አብሬው ሱቅ እንድወጣ ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ስለቸገረው ነው። ሚስቱ እየሳቀች፣ እኔ ሱቅ ብቆም ሌባው ራሱ አፍሮ እንደሚመለስ ተናገረች። «እጅ ወደ ላይ ቢላት እሷ መሬት መሬት ታያለች። ምን ያደርጋታል?»

እዚህ ሰኔና ሐምሌ ዝናብ የለም፤ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ ድምፅ አልነበረም። የታክሲ ጥሩምባ የለም፣ የጎረቤት ውሻ የለም፣ ቆርቆሮ የሚመታ ነፋስ የለም። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ጣቴን ከተትኩበት። በሩን ስከፍት ጓሮው ጠፍቷል። ነጭ ነገር ከሰማይ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አንድም ቅጠል አይታይም።

የእኔ አገር በረዶ ድምፅ አለው። ጣሪያ ይደበድባል፣ ከብት ያስጮሃል፣ መሬት ላይ ይዘላል። ሲያባራ እናቴ ለእኛ ቁርስ እንኳ ሳትሰጥ መጥረጊያ ይዛ ወደ እንሰቱና ወደ ጎመኑ ትሮጥ ነበር። በረዶ ያደረበት ቅጠል እንደተቃጠለ ቁጠሪው ትለኝ ነበር። እኔ ያየሁት ይህንን ነው፤ ሌላ በረዶ አላውቅም። ስለዚህ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

ከበሩ አጠገብ ጀመርኩ። በረዶው አራት ጣት ያህል ተቆልሏል። እያንዳንዱን ጎመን አንገቱን ይዤ አራገፍኩ፤ ያልረገፈውን በእጄ ጠረግኩ። ከቅጠሉ ጋር ለተጣበቀው ደግሞ ለብ ያለ ውኃ በጣሳ እያመጣሁ አፈሰስኩበት። ጣቶቼ መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ቀጥሎ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ከኋላዬ የለቀቀ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ደስ አለኝ። በልቤ ሰኞን ወደ ኋላ የምገፋው ይመስለኝ ነበር።

የወንድሜ ሚስት በፒጃማ ወጥታ፣ «ስኖው፣ ስኖው» እያለች ለአገር ቤት የምትልከውን ቪዲዮ ቀረጸች። እግሯን ስለበረዳት ቶሎ ገባች።

ጥቂት ቆይቶ ጎጎ መስኮታቸውን አንኳኩ። ጠጋ አልኩ። መስኮቱን ትንሽ ከፈቱልኝ።

«ጓደኛሽን ግቢ በያት፤ ብርዱ ይጎዳታል» አሉኝ።

ማንን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ወደ ጥጉ አመለከቱ።

«ያቺን የተቀመጠችውን። ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም። አንቺ ትሯሯጫለሽ፣ እሷ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እሷ ታውቃለች።»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከጎረቤት ጣሪያ ላይ የተንሸራተተ በረዶ ጥጉ ላይ ተከምሯል። ቁመቱ ጋቢ ተከናንቦ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ያህላል። ጎጎ ያዩት ይህንን ነው አልኩ። ሞራ በጋረደው ዓይን ክምር ሰው ቢመስል ምን ይገርማል። ይህንን ለራሴ እየነገርኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግን ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ጥጉ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ከሰዓት በኋላ በረዶው አባራ። የቀረኝ ጥጉ ብቻ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ ሄድኩና አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። በዙሪያው ዱካ የለም፤ የእኔም፣ የድመትም፣ የወፍም። ክምሩ ጫፉ ላይ፣ ሰው ቢሆን ጭንቅላቱ በሚሆንበት በኩል፣ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ጠዋት ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም። ዞር ብዬ ገባሁ፤ በሩንም ቆለፍኩት።

ራት ስንበላ የወንድሜ ሚስት ቪዲዮውን ደግማ ደጋግማ ስታይ ቆየችና ሳቋ ጠፋ። ከማን ጋር ታወሪ እንደነበር ንገሪኝ አለችኝ። ከማንም አልኳት። ስልኩን ሰጠችኝ። ከሩቅ የተቀረጸ ስለሆነ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎመኑን አራግፋለሁ፤ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ተናግሬ ዝም እላለሁ፣ ወደ ጥጉ ቀና እላለሁ፣ መልስ የሰማ ሰው እንደሚያደርገው ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ደግሞ እናገራለሁ። እኔ በቀን አሥር ቃል የማልናገር ሰው ነኝ። ጠዋት አንድ ነገር መናገሬን አላስታውስም።

ወንድሜ ብርዱ ነው፣ ሰው ሲበርደው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል አለ። ሚስቱ ቪዲዮውን አጠፋችው፤ ከዚያ እጇን ራሴ ላይ ጭና በኢየሱስ ስም ጸለየችልኝ። አሜን አልኩ። 

ሲመሽ ሰማዩ ጠራ። እናቴ ከበረዶ ይበልጥ የምትፈራው የዚህን ዓይነት የጠራ ሰማይ ነበር፤ ውርጭ የሚመጣው በእሱ ነው። እኔ ግን በረዶውን አንስቻለሁና ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጠሎቹ ብርጭቆ ሆነው ጠበቁኝ። ያፈሰስኩት ውኃ ላያቸው ላይ ረግቶ ያበራል። አንዱን ስነካው ተሰበረ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትነካቸው ቀለጡ፤ እየቀለጡም ጠቆሩና ግንዳቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠሉ። ከበሩ ጀምሮ ማክሰኞ እስከቆምኩበት ድረስ አንድም የተረፈ አልነበረም።

ጎጎ በመስኮታቸው ሆነው ሽታውን አሸተቱ። ያደጉት ሌሶቶ ድንበር ላይ፣ ተራራ ሥር ነው። በረዶ ብርድ ልብስ ነው አሉኝ፤ በልጅነታቸው ስንዴው ከሥሩ ተኝቶ ያድር ነበር። እኔ የጎመኖቹን ልብስ ገፍፌ፣ በውኃ አርጥቤ ለውርጭ ሰጥቻቸዋለሁ። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ገረማቸው።

«ነገርኩሽ እኮ» አሉ። «እሷ ታውቃለች አልኩሽ።»

የዚያን ቀን ወንድሜ ከሱቅ ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆሞ ጓሮውን አየ። አልተቆጣኝም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰኞ በማለዳ እንደምንወጣ፣ ወፍራም ካልሲ እንዳዘጋጅ ብቻ ነገረኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእጄን አንጓ እየደጋገምኩ እይዘው ነበር።

ጥጉ ፀሐይ ስለማያገኝ በረዶው እዚያ ሦስት ቀን ቆየ። ክምሩ በየቀኑ ያንሳል፤ ቅርጹ ግን አይለወጥም። የተቀመጠ ሰው ተነስቶ የሚሄድ ሳይሆን፣ እንደተቀመጠ ወደ አፈሩ ቀስ ብሎ የሚገባ ይመስል ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስመለከት የለም። በምትኩ አርባውም ጎመን ቆሟል። አንድም ቅጠሉ አልጠቆረም።

ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከበሩ ሲታይ የሞተው ሁሉ ስለሚጋርደው ወንድሜ አላየውም። ዝም ብል ሰኞ ዲፕስሉት እሄዳለሁ፤ ያንን ጥግም ዳግመኛ አልረግጠውም። ብናገር ደግሞ እዚያ መግባት አለብኝ፤ ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ። እስኪመሽ ድረስ ወጥ ቤት ቆሜ ሁለቱን ፍርሃቶቼን አንዴ ይሄኛውን፣ አንዴ ያኛውን አነሳሁ፣ ጣልኩ። ወንድሜ ሲገባ ነገርኩት። ሄዶ ሳይሆን ከሩቅ አየው።

«ጆንያው ይሞላል?» አለኝ።

«ይሞላል፣ ጋሼ።»

«ከሞላ ቃሌ ቃል ነው። ካልሞላ ግን ሰኞ ነው።»

ሚስቱ ሱቅ ብትወስደኝ ይሻላል ብላ ለመነችው። ሌባ ይሻላል አለች፤ ሌባ ቢያንስ ይታያል።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ቢላዋና ጆንያ ይዤ ሄድኩ። በጠቆረው ጎመን መሀል አልፌ ከጥጉ ጫፍ ቆምኩ። በእኛ አገር የሌላ ሴት ጓሮ ዝም ተብሎ አይገባም። ከዳር ቆመው ይጣራሉ፤ ባለቤቷ ግቢ ስትል ይገባሉ፤ መልስ ከሌለ ይመለሳሉ። ይህንን ልጅ ሆነን በአርጩሜ ነው የተማርነው። በየትኛው ቋንቋ እንደምጣራ አላወቅኩም። መጀመሪያ በእናቴ ቋንቋ ተጣራሁ። ቀጥሎ በአማርኛ። በመጨረሻ እዚህ አገር የኖረች ከሆነች ብዬ፣ ድምፄ ለራሴ እንኳ እየደነቀኝ፣ በዙሉ ሰላምታ ሳውቦና አልኩ።

መልስ አልነበረም። የጎጎ መስኮት ከኋላዬ ሲከፈት ሰማሁ።

መመለስ ነበረብኝ። ሰኞን አሰብኩና ገባሁ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ፣ ከሥር ያሉትን ቅጠሎች ብቻ እየቆረጥኩ ልባቸውን ተውኩላቸው። አፈሩ ሞቅ ያለ ነበር። ከግንቡ ጋር የተጠጉትን ሦስት እግር ግን አልነካሁም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝም የለም። ጆንያው አፉ ለመታሰር እስኪያስቸግር ሞላ። ሰኞ ወንድሜ ብቻውን ወጣ።

አሁን ጓሮው እንደገና ተዘርቷል፤ ዘሩም ከዚያ ጥግ የተወሰደ ነው። ወደዚያ ሳልጣራ አልሄድም። እስካሁን ግቢ ያለኝ የለም፤ እኔም ሳይፈቀድልኝ እየገባሁ ነው።