የወንድም ጋሼ የብር ሜዳሊያ

ወንድም ጋሼ ማረፉን የሰማሁት የታጠበ አንሶላ እያሰጣሁ ነው። የደወለልኝ አብሮት የሚሠራው የመጋዘን ኃላፊ ነበር። እንዴት እንደሚጀምረው ጠፍቶት "እህቴ፣ ያው... ያ ሜዳሊያ ያመጣልን ሰው..." አለ። ደግ ሰው ነው፤ ሜዳሊያውን ያስቀደመው በክፋት አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ የወንድሜ ስም ያለ ሜዳሊያው መጠራት ካቆመ ቆይቷል። አንሶላውን አስጥቼ ጨረስኩና ተቀመጥኩ።

ወንድሜ በመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ሩም ቀማሚ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በርሜል ሲያሸት ስለኖረ ሠራተኛው "አፍንጫ" ይለዋል። ያ አፍንጫ ቤት ሲገባ ሥራ ያቆም ስለነበር አጠገቡ ድስት ቢያር እንኳ አይሰማውም። ከሠራቸው ሁሉ የሚሳሳለት አንድ ጥቁር ሩም ነበረው፤ ከዚህ በርሜል እየቀነሰ፣ ከዚያ እየጨመረ ዓመታት የለፋበት። ስለዚህ ሩም ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? እኛ ቤተሰቦቹ ጥሩ ነው አልነው።

"እናንተማ ኮምጣጤ ብቀዳላችሁም እሰይ ነው የምትሉት" አለን።

አልተሳሳተም።

ፋብሪካው ሩሙን ውጭ አገር ለሚካሄድ የመጠጥ ውድድር እንደሚልክ ሲነገረው እንደ ሙሽራ ሆነ። ምግብ አልበላ አለው። በመጨረሻ የማያውቁት ሰዎች፣ የማይዘመዱት ሰዎች፣ ቀምሰው ሊነግሩት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፋብሪካው አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። በሽያጭ ሱቃቸው መስታወት ውስጥ የሚደረደሩት ጠርሙሶች ውስጣቸው ሻይ ነው። ፀሐይ ሩሙን እንዳያበላሽ ነው ይላል ሥራ አስኪያጁ። ዘበኛው እንዳያበላሸው ነው ይላሉ ሌሎቹ። ሻዩ ጠቆር ተደርጎ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ይሞላል፣ እንደ እውነተኛው ይታሸጋል። በዚያ ሰሞን ለውድድሩ የተዘጋጀው ካርቶንና ለሱቁ የተዘጋጀው ካርቶን መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ሁለቱም ተጫኑ።

ነገሩ የታወቀው የሱቋ ሻጭ አቧራ ስታራግፍ አንድ ጠርሙስ ከእጇ ሲያመልጣት ነው። ወዲያው ለወንድሜ ደወለች።

"ጋሼ፣ የዘንድሮው ሻይ ምን አግኝቶት ነው? ቤቱ በሙሉ ሰከረ እኮ!"

ወንድሜ ስልኩን ዘጋና በርሜሉን ተደግፎ ቆመ። ዳኞቹ ጋ የሄደው ምን እንደሆነ ገባው። ከዚያ ወዲያ ውርደቱን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ይስቁብናል፣ ጋዜጣ ላይ ያወጡናል፣ እኔም እባረራለሁ እያለ ከሳ።

የብር ሜዳሊያ መጣ።

ከዳኞቹ ምስክርነት ጋር ነው የመጣው። "ቀለሙ የጠለቀ፣ ሰውነቱ ቀላል፣ ጉሮሮ የማይቆጣ፤ በስተመጨረሻ ደረቅ ቅጠል የሚያስታውስ" ይላል። ዳኞቹን ዋሹ ማለት አይቻልም። ስኳር ጣል ተደርጎበት ቢሆን ወርቁም አይቀርልንም ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሳይሸለም የቀረው ጠርሙሱ መንገድ ላይ የተሰበረበት ብቻ መሆኑን ወንድሜ የሰማው ኋላ ነው። ለመመዝገቢያ ይከፈላል፤ ጠርሙሱ ላይ ለሚለጠፈው ክብ ብርማ ወረቀትም ይከፈላል። ይህን ያህል ከፍሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ደንበኛ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል? አይመጣም። ዳኞቹም የቤት ኪራይ አለባቸው።

ወንድሜ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

"ጌታዬ፣ የተሸለመው ሻይ ነው።"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ ያውቃል። የሱቋ ልጅም ታውቃለች።"

"ዳኞቹስ?"

"እነሱማ አላወቁም።"

"እንግዲያው አንተ ከዳኛ ልትበልጥ ነው?"

"ልብለጥ አላልኩም። በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛውን እንላከው ነው የምለው። ቀምሰው ይንገሩኝ።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። "ነሐስ ቢያገኝስ? ሻያችን ብር፣ ሩማችን ነሐስ! ምን ብዬ ልሽጠው?"

ወንድሜ ወጣ። ብርማው ክብ ወረቀት በየጠርሙሱ ተለጠፈ፤ ሩሙም ተሸጠ። ገዢዎቹ ወንድሜን መንገድ ላይ እያስቆሙ "ያ ደረቅ ቅጠሉ! እንዴት አድርገህ አመጣኸው?" ይሉት ጀመር። ሩሙ ውስጥ ቅጠል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን አነበቡ፣ ቀመሱ፣ አገኙት።

አንድ ቀን ጠርሙስ ይዞ ቤቴ መጣ።

"እስቲ አንቺ ቅመሺው።"

"እኔ መጠጥ የት አውቅና?"

"ስለማታውቂ ነው።"

ተጎነጨሁ። ዓይኔ በእንባ ተሞላ፣ አሳለኝም። "ጥሩ ነው" አልኩ።

"ያንቺ ምስክርነት ከነሱ ይሻላል። ቢያንስ አንቺን አቃጥሎሻል" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ ሥራውን ያስተማረው ጡረተኛ ቀማሚ ጋ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሽማግሌው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ይኖራል። ለሰው ፊት የማይሰጥ ነው፤ አንድ ጊዜ የወንድሜን ሥራ ቀምሶ "ይህን ለምትጠላው ሰው ላክለት" ብሎታል። ወንድሜ ከሰው ሁሉ የሚያምነውም በዚያው ምክንያት ነው። "መጥፎ ነው ካለኝ መጥፎ ነው። እሱን ሰምቼ እንቅልፌን እተኛለሁ" አለ። ጉልበቱን ያመው ስለነበር፣ ጠርሙሱን "እስኪሻለኝ አስቀምጪልኝ" ብሎኝ ሄደ። ጉልበቱ ሲሻለው ልቡ ቆመ።

ቀብሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ጥሩ ልብስ ለብሶ፣ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ የዳኞቹን ምስክርነት ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሞ አነበበ። "ጉሮሮ የማይቆጣ" ሲል ሰዉ አለቀሰ። የመጋዘኑ ኃላፊ አንገቱን ደፋ። የሱቋ ሻጭ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔም ሳቄ መጣብኝ፤ አፌን ስይዘው ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ጎረቤቴ አቀፈችኝና "አይዞሽ፣ አውጪው" አለችኝ።

ጠርሙሱ አሁንም እኔ ጋ ነው። ሽማግሌው ቀማሚ በሕይወት እንዳለ አጣርቻለሁ። አውቶቡሱም በየቀኑ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አልሄድኩም፤ ወንድሜ የሠራው ሩም ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ የሚያውቅ ሰው ቀምሶ አልነገረንም።