ባለሁለቱ የተባለው ወንድሜ

የዚያን ዓመት በጋ ሳስበው ሙቀቱ እስካሁን ቆዳዬ ላይ ይሰማኛል። የቤቱ ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ሰው ሁሉ ቁጡ ሆኖ ከረመ። ታናሽ ወንድሜ ብቻ አይቆጣም። በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ውሎ ሲመጣ እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ውሃ አለሽ?» ነው የሚለኝ።

በዚያ በጋ አንድ ፊልም ሠሪ የብረት ጥሩር ሊያሠራ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣ። ፊልሙ በሰማይ ስለሚበር ጀግና ነው። የጀግናው ጠላት ደግሞ በአንድ ገላ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ጨዋ መድኃኒት ሻጭ፣ ሌላው አጥንት ሰባሪ። ሰውዬው የወንድሜን የዋህ ፊት አየና «ይሄ ፊት ሲከፋ ሰው ይደነግጣል» ብሎ ጠላቱን ሆኖ እንዲጫወት ወሰደው። አልተሳሳተም። ሲኒማ ቤት ገብቼ ሳየው፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆነ። የአንድ ዘበኛን ፊት ከግድግዳ ጋር ሲያላትም አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ክንዴን ጨመደደችኝ። ስንወጣ ጀግናውን ማን አስታወሰው? ሰፈሩ ወንድሜን «ባለሁለቱ» አለው።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አብሮት የሚሠራው መላጣው ቀለም ቀቢ ጠዋት ጠዋት፣

«ባለሁለቱ፣ ዛሬ የትኛው ነው የመጣው?» ይለዋል።

«ምሳዬን ከነካህ ያኛው ይመጣልሃል።»

አንድ ቀን ግን ወንድሜን ቀልዱ አልጣመውም መሰለኝ፣ በብረት ዘንግ የቀለም ቀቢውን ክንድ ሰበረው። ወዲያው አንገቱን ዘመም አድርጎ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» አለ። ሰው ሳቀ፤ ቀለም ቀቢው ራሱ እያቃሰተ ሳቀ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን ረሳነው።

ከዚያ ያኛውን ወደ ቤቱ ይዞት ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዝምተኛ። አንዴ ጥርሷ ወልቆ እኔ ዘንድ መጣች፤ ሌላ ጊዜ መቀስ የምትይዝባቸው ጣቶቿ አብጠው። ከመታት በኋላ ቁስሏን ለብ ባለ ውሃ እያጠበላት ያለቅሳል። «እትዬ፣ ሲመጣብኝ አላውቀውም» ይለኛል። እኔ ሞኟም «የኔ ልጅ፣ ታገሺው፤ እሱ እኮ አይደለም» እላታለሁ። እናታችን ስትሞት እጄ ላይ የጣለችው ልጅ ነው፤ በምን ሆዴ ልጨክንበት?

«እትዬ፣» አለችኝ አንዴ፣ «የሚገድለኝ እሱም ሆነ ያኛው፣ የምቀበረው እኔ ነኝ።»



አንድ እሑድ ከሰዓት እቤታቸው ሄጄ፣ የሰፋችልኝን ቀሚስ ጓዳ ገብቼ ስለካ እሱ መጣ። መኖሬን አላወቀም። በመጋረጃው ክፍተት አየዋለሁ።

«ምሳ የታለ?» አላት።

«መጣሁ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ።»

ሄዶ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋ፤ መቀርቀሪያው መያዙን በጣቱ ሞከረው። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ፣ እንዳይሰበርበት ነው፣ ቁምሳጥኑ ላይ በቀስታ አስቀመጠ። አንገቱን ዘመም ያደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለካ ሁለት ሰው ኖሮ አያውቅም። ራሱን የማያውቅ ሰው መስኮት ይዘጋል?

ካውያውን አንስቶ ፊቷን ሲመታት ከጓዳ ወጣሁ። ደሟ የሰፋችው ጨርቅ ላይ ተረጨ። ሁለተኛውን ምት ክንዴ ተቀበለው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፣ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም። «እትዬ?» አለ፣ በዚያው በለመድኩት ዝግ ያለ ድምፅ። በደህናው ክርኔ የመስኮቱን መስታወት ሰብሬ ጎረቤት ጠራሁ።

እሷ አንድ ዓይኗን አጥታ ተረፈች። ወንድሜ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አላስታውስም፣ ያኛው ነው» አለ። አሳዳጊው ነኝና የእሱ ጠበቃ ምስክር አድርጎ የጠራው እኔን ነው።

«ወንድምዎ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር?» አሉኝ ዳኛው።

አየሁት፤ ቁርጥ እናታችንን። «መስኮቱን ዘግቷል፤ ሰዓቱንም አውልቋል» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ዘጠኝ ዓመት ፈረዱበት። ሲወጣ እኔ ዘንድ አልመጣም። ባለፈው ዓመት ቀለም ቀቢው አይቶታል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ባለ ጋራዥ የጭነት መኪና ስፖንዳ ይበይዳል፤ እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።